ነርሷም ትደክማለች



ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሲሬና በመሰሎቿ ከተሞች፣ ምጥ የያዛትን እናት፣ በወባ የሚንቀጠቀጠውን ሕፃን፣ በመኪና አደጋ የተጎዳውን መንገደኛ ስትቀበል ያደረች ነርስ ንጋት ላይ በሽተኛ ስትቆጣ ብናይ፣ ፍቅር ጎደላት ለማለት እንቸኩላለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. እንደገለጸው፣ ይህ ዓይነቱ መዛል በሥራ ቦታ ሳይቃለል ከቆየ ጭንቀት የሚመጣ እንጂ በሽታ አይደለም። ምልክቶቹም አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ ቢስ መስሎ መታየት ናቸው። እንግዲህ ምንጩ ሥራው ከሆነ መፍትሔውም ከሥራው አደረጃጀት ይጀምራል፤ «በርቺ፣ ጸልዪ» ብቻ ማለት (እኛ አማኞች ይህን እናበዛለን) አይበቃም። ዮቶርም ሙሴን የመከረው ሸክሙን እንዲያካፍል ነበር (ዘጸ. 18)።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖርም ይደነግጋል። የፕሮጀክት ኃላፊዎች ሆይ፣ የተራ ሰሌዳውን ወሩ ሳይገባ ለጥፉ፤ ያደረችውንም ለስብሰባ አትጥሯት። ምእመናንም በዕረፍት ቀኗ ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ «መርፌ ውጊልን» አትበሏት።