ጾም፣ ክረምትና የሕፃኑ መጥበሻ

ነሐሴ ከገባ ወዲህ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ በአትላስ በኩል ያለፋችሁ እንደሆነ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ዝናቡ ገና በወጉ ሳያባራ፣ በሹራባቸው ላይ ነጠላ ያጣፉ ልጆች የታላላቆቻቸውን እጅ ይዘው፣ ኩሬውን እየዘለሉ ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ወይም ወደ ዑራኤል ያመራሉ። ቁርስ አልቀመሱም። ከመካከላቸው ገና ስድስት ዓመት ያልሞላው አይጠፋም። «እስከ ስንት ሰዓት ትጾማለህ?» ብትሉት «እስከ ዘጠኝ!» ይላችኋል፤ ደረቱን ነፍቶ።

እናቱ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። በቢሮዋ ወይም በሱቋ ሆና «ልጄ ወድቆ ይሆን? ታናሽየውስ ምን በልቶ ዋለ?» እያለች ታስባለች። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ የእርሷ ነው። ይኸውም በክረምቱ ወር ተከታትለው የሚመጡትን አጽዋማትና በዓላት የቤተሰብን ጤና ሳንጎዳ እንዴት እናሳልፋቸው የሚል ነው።

ወሩ የያዛቸው ቀኖች

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ የሆነው ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ገብቶ ነሐሴ 16 ቀን ይፈታል። በመካከሉ ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር፣ ልጆች ቡሄ የሚሉት በዓል ይውላል። ጾሙ በሚፈታበት ሰሞን ደግሞ የሰሜኑ ልጃገረዶች ተራ ነው፤ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል እየተባለ ይጨፈራል። ወዲያው ጳጉሜን ትከተላለች፤ በ3ኛው ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች በዝናቡ ይታጠባሉ። ከዚያ እንቁጣጣሽ ነው።

ፍልሰታ ቀኑን አይለቅም። ሐምሌ 5 ቀን የሚፈታው ጾመ ሐዋርያት ግን ትንሣኤን ተከትሎ ስለሚገባ አንዳንድ ዓመት 15 ቀን ብቻ ይሆናል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ እስከ 49 ቀን ይረዝማል። ምክንያቱም የትንሣኤ ቀን በባሕረ ሐሳብ የሚወጣው የጨረቃን ጉዞ ከፀሐይ ዓመት ጋር በማስታረቅ ስለሆነ ነው። ሊቃውንቱ አበቅቴና መጥቅዕ የሚሏቸው ሁለት ቁጥሮች ከዚህ ስሌት የሚወጡ ናቸው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ዘወትር 30 ይሆናሉ።

የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ብቻ ይሄዳል። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ያህል በመሆኑ ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደኋላ እየተመለሰ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። በ2003 ዓ.ም. ረመዳን በሐምሌ መጨረሻ ገብቶ ፍልሰታን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አቅፎት ነበር። በአንድ ግቢ አንዷ ምጣድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሌላዋ ፀሐይ ስትጠልቅ የተጣደችበትን ያንን ክረምት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ከሕንድ መጥተው ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን መምህራን በርካታ ነበሩ፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን እስከ ዛሬ ያነሷቸዋል። በእነርሱም አገር ዝናቡ በሚበረታበት ወራት የሒንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ሽራቫን የሚሉት የጨረቃ ወር ይገባል። ብዙዎች የወሩን ሰኞዎች ለሺቫ ይጾማሉ። ወሩ በሙሉ ጨረቃ ሲደምቅ እኅት በወንድሟ አንጓ ላይ ክር ታስራለች። ከዚያም በ8ኛው ቀን የክሪሽና ልደት ይከበራል፤ ጠንካሮቹ እስከ እኩለ ሌሊት እህል አይቀምሱም። የእነርሱም ጨረቃ ዓመቱን ታሳጥራለች፤ ነገር ግን በሁለት ዓመት ተኩል ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ ወር ስለሚጨምሩ ጾሙ ከዝናቡ አይለይም። በሒንዱዎች ጾም ፍራፍሬና ወተት ብዙውን ጊዜ የተፈቀዱ ሲሆኑ በእኛ ጾም ወተት ክልክል ነው። የዛሬው ጭንቀታችንም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የራሴ ጥፋት

ይህን የምጽፈው ሌላዋን እናት ለመውቀስ አይደለም። ሁለተኛ ልጄ የ14 ወር ሕፃን ሳለ ፍልሰታ ገባ። እንቁላል መጥበሻውን አጥቤ ሰቀልሁት፤ ወተት የሚፈላበትንም ድስት እንዲሁ። «ሕፃን ይጾማል» ብዬ አልነበረም። የጾሙ ዕቃ ፍስክ እንዳይነካው ፈርቼ፣ ደግሞም ከሥራ ደክሜ እየገባሁ ሁለት ዓይነት ማብሰል ስላታከተኝ ነው። ልጁ አሥራ አምስቱን ቀን በሽሮ ፍትፍትና በሻይ አለፈ። በወሩ መጨረሻ ጤና ጣቢያ ሲመዘን ክብደቱ ካለፈው ወር ንቅንቅ አላለም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የፈራሁት አማቴ የሚሉትን ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጾሙ መካከል ሊጠይቁን መጡ፤ ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ «ልጁ ምን በላ?» አሉኝ። ሽሮ ነው ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሕፃን ምን ጾም አለበት ልጄ? የእኔ እናት የሕፃን ማሰሮ ለብቻው ነበራት። ማንም አይነካውም» አሉኝ። በማግስቱ ትንሽ መጥበሻና ትንሽ ድስት ገዛሁ፤ እጀታቸው ላይ ቀይ ክር አሰርሁ፤ ከጾሙ ዕቃ ርቀው በራሳቸው መደርደሪያ ተቀመጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያስጨነቀኝ ነገር በዚህ አለቀ።

ምን እናድርግ?

ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ የመጾም ግዴታ እንደማትጥልበት እናስታውስ። በእስልምናም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አይገደድም፤ የታመመች፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሠጋች አፍጥራ ሌላ ጊዜ ልትተካው ትችላለች። እንግዲህ ሃይማኖቱ ያልጫነውን ሸክም እኛ በጓዳችን አንጫን።

እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ምግብ ይጨመርለታል። ገንፎውን ከሦስት እጅ እህልና ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ዱቄት አዘጋጁለት፤ እንቁላሉን ወይም ወተቱን በቀይ ክሩ ድስት ጨምሩለት። ሻይ ለሕፃን ምግብ አይደለም።

ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው ልጅ በፍላጎቱ የሚጾም ከሆነ ማታ በደንብ አብሉት። እራቱ ሽሮ ብቻ አይሁን፤ ምስር ወይም ክክ፣ ጎመን፣ ከተገኘም ድንች ይኑርበት። ካዞረው፣ ከደከመው ወይም ራሱን ካመመው ወዲያው ይብላ። «ጾምህን ፈታህ» ብሎ የሚያሾፍበት ታላቅ ወንድም ካለ ተቆጡት።

ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከንስሐ አባታቸውና ከጤና ባለሙያ ጋር ይምከሩ። ለደም ማነስ የታዘዘው የብረት እንክብል በጾም ምክንያት አይቋረጥም። የሚዋጠውም ከቡና ወይም ከሻይ ጋር ሳይሆን ከውኃ ጋር ነው፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ቢኖር ብረቱ በሰውነት ውስጥ ይበልጥ ይሠርጻል። የስኳር ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ የዘወትር መድኃኒት ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር የመድኃኒቱን ሰዓት አይለውጥ።

ጤነኛው አዋቂ የጾሙን ገበታ ካወቀበት አይጎዳም። ጥራጥሬና እህል አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ እንጀራና ምስር ወጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባቄላው ወይም ሽምብራው በቆልት ሲሆን ብረቱ ለሰውነት ይቀልላል። ተልባና ሱፍ ቅባት ይሰጣሉ። ጎመኑ በክረምት እንደልብ ነው፤ ነገር ግን ወንዙ በሞላበት ወር ጭቃው ብቻ ሳይሆን የተቅማጥ በሽታም አብሮ ስለሚመጣ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ የምትጠጡትንም ውኃ አፍሉ።

አንድ ነገር አንርሳ። እኛ ቢሮ ስንውል ለልጆቹ ምግብ የምትሠራው የቤት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ እርሷም ጾመኛ ናት። ወጡን ሳትቀምስ እያማሰለች ዘጠኝ ሰዓት ትጠብቃለች። የእርሷን ድርሻ ቀድማችሁ አስቀምጡላት፤ በእነዚህ ቀናት ከባዱን እጥበት አሳድሩላት። አባወራውም የሕፃኑን ገንፎ ማማሰል አያቅተውም።

ነሐሴ 13 ቀን ማታ የአትላስ ልጆች ጅራፋቸውን ሲያጮሁና በየበራችሁ ሲዘፍኑ ሙልሙል ዳቦ አዘጋጁላቸው፤ በፎቅ የምትኖሩትም ጥበቃው እንዳይመልሳቸው አስቀድማችሁ ንገሩት። ያ ለቅዳሴ ሲሮጥ ያያችሁት ልጅ ከመካከላቸው ይኖራል። ታናሹ ደግሞ በእናቱ ጀርባ ሆኖ፣ በልቶ ጠግቦ፣ ጅራፉን ያዳምጣል።