ስለ መኪና ማቀዝቀዣ ጋዝና ስለ ኮምፕሬሰሩ አጠባበቅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚወርድ ባለሥልጣን፥ መኪናው አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ ሲቃረብ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ የሚጫነው ምናልባት ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። በደጋው ከተማ የሚነፍሰው አየር በራሱ በቂ ስለ ሆነ ቁልፉን የሚያስታውሰው አልነበረም። አሁን ግን ከክሩስኮቱ የሚወጣው ነፋስ ከውጭው የቆላ ነፋስ የማይለይ ሆኖ ያገኘዋል። መስኮቱን ከፍቶ፥ ላቡን በመሐረብ እያበሰ ጉዞውን ይፈጽማል፤ ሲመለስም መኪናውን ወደ ጋራዥ ይልካል። መካኒኩም «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሞልቶ ደረሰኙን ጽፎ ይመልሳል። ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ያው ነፋስ እንደ ገና ይሞቃል፤ ያው ደረሰኝም እንደ ገና ይጻፋል።

ስሕተቱ የሚጀምረው «አልቋል» ከሚለው ቃል ነው። ቤንዚን በሞተር ውስጥ ስለሚነድ ያልቃል። የማቀዝቀዣው ጋዝ ግን አይነድም፥ አይበላም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ አንድ ጊዜ ፈሳሽ፥ አንድ ጊዜ ተን ይሆናል እንጂ መጠኑ አይጐድልም። እርግጥ በብዙ ዓመታት ውስጥ በጎማው ቱቦና በማያያዣዎቹ በኩል ጥቂት በጥቂቱ ሊያመልጥ ይችላል። በወር ወይም በሁለት ወር ውስጥ የጐደለ እንደ ሆነ ግን አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መጨመር በሚያፈስ እንስራ ውኃ እየቀዱ ማመላለስ ነው።

እንስራን ካነሣን ዘንድ የማቀዝቀዣውም ምሥጢር ከእርሱ የራቀ አይደለም። በቆላ አገር በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውኃ ከብረት ዕቃ ይልቅ ቀዝቅዞ የሚገኘው፥ በሸክላው ወዝቶ የሚወጣው ርጥበት ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀቱን ከውስጥ ካለው ውኃ ስለሚወስድ ነው። በመዳፍ ላይ አረቄ ቢፈስስ እጅ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፈሳሽ ተን ለመሆን ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ከአጠገቡ ካገኘው ነገር ነው። ዛሬ በብዙ መኪናዎች ውስጥ ያለውና አር 134 ኤ የሚባለው ጋዝ በባሕር ጠረፍ በተራው አየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ከክሩስኮቱ በስተ ኋላ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲፈላ የመኪናውን ውስጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

የተወሰደው ሙቀት ወደ ውጭ መጣል አለበት፤ የኮምፕሬሰሩ ሥራ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ኮምፕሬሰሩ በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ተኑን ከኢቫፖሬተሩ ይስብና ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ተንም ከውጭው አየር ይልቅ እጅግ ይሞቃል። ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ርጥበትን በሚመጥጥ ማድረቂያ አልፎ በጠባብ ቫልቭ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወርድና እንደ ገና ይፈላል። ዙሩ ይኸው ነው።

ከጋዙ ጋራ አብሮ የሚዞር ዘይት አለ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህንን ነው። ኮምፕሬሰሩ እንደ ሞተር የራሱ የዘይት ማጠራቀሚያ በብዙ መኪናዎች ዘንድ የለውም፤ ዘይቱን ተሸክሞ የሚያመጣለት ጋዙ ነው። ጋዙ ሲያንስ የሚመለሰው ዘይትም ያንሳል፤ የውስጡ ብረት እርስ በርሱ ይፋተጋል፥ በመጨረሻም ይነክሳል። ጥቂት ብር የሚያወጣ ጎሚኒ በጊዜው ሳይለወጥ ቀርቶ ትልቁን ኮምፕሬሰር የሚያስገዛው እንዲህ እየሆነ ነው። ኮምፕሬሰሩ በተሰበረ ጊዜ ደግሞ የብረቱ ፍቅፋቂ ወደ ቧንቧው ሁሉ ይበተናል። ቧንቧው ሳይታጠብ፥ ማድረቂያውና ቫልቩ ሳይለወጡ አዲስ ኮምፕሬሰር ቢታሰር ያው ፍቅፋቂ አዲሱን ይገድለዋል። «የገዛነው ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ነበር» የሚባለው ሁሉ ሐሰት ነው ባይባልም፥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአገጣጠሙ ነው።

እንግዲህ የደንቡ ሥራ እንዴት ነው ቢባል፥ መጀመሪያ ቀዳዳውን መፈለግ ነው። ጋዝ በሚያመልጥበት ቦታ ዘይትም አብሮ ስለሚወጣ የወዛ መገጣጠሚያ ያለ መሣሪያ እንኳ ይታያል። ደረቅ ናይትሮጅን በግፊት አስገብቶ በሳሙና አረፋ መፈተን፥ በልዩ መብራት የሚያበራ ቀለም መጨመር፥ ወይም ጋዝ በሚያሸትት የኤሌክትሪክ መሣሪያ መከታተል ይቻላል። በቧንቧው የቀረው ጋዝ ወደ አየር ሳይለቀቅ በመምጠጫ መኪና ወደ ሲሊንደር ይሰበሰባል፥ ይመዘናልም። የጐደለውም በዚያው ይታወቃል። የተበላሸው ከተጠገነ በኋላ በቧንቧው የገባው አየርና ርጥበት በፓምፕ ይወጣል።

ርጥበቱን ስለ ማውጣት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በደጋ አገር ጋራዥ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነውና። በቧንቧ ውስጥ የቀረች የውኃ ጠብታ ከጋዙና ከዘይቱ ጋራ ተዋሕዳ ብረት የሚበላ አሲድ ትሆናለች፤ በቫልቩም ጠባብ ቀዳዳ ላይ በረዶ ሆና መንገድ ትዘጋለች። ጠብታዪቱን በጨርቅ ማድረቅ አይቻልም፤ አፍልቶ ተን ማድረግ ያስፈልጋል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ፥ ባቄላና ሽንብራም በደጋ ለመብሰል የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የአየሩ ክብደት ባነሰ መጠን ውኃ ቶሎ ይፈላል። ፓምፑ አየሩን ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን ሲያወጣ፥ በቧንቧው ያለው ውኃ እሳት ሳይነካው በ20 ዲግሪ ሙቀት ፈልቶ ይወጣል። ለዚህም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፥ ቧንቧው ለብዙ ቀን ተከፍቶ የቈየ እንደ ሆነም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልጋል። ዐሥር ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ሥራውን ሠራሁ ለማለት ካልሆነ በቀር አይጠቅምም።

የውጭ አገር መጽሐፍ በዚህ ጊዜ የመለኪያው ቀስት ከዜሮ በታች ወደ 30 ኢንች ሊደርስ ይገባል ይላል። ይህ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ላለ ጋራዥ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አየሩ ራሱ የሳሳ ስለ ሆነ ቀስቱ 23 ኢንች ገደማ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወጣ አየር የለምና። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ ደኅናውን ፓምፕ ይጥላል፥ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። በሌላ በኩልም 23 ኢንች ላይ የቆመ ቀስት ውኃው ጨርሶ መውጣቱን ለይቶ አይናገርም። ፍጹም ግፊትን የሚለካ የኤሌክትሮኒክ መለኪያ ዋጋው ከአንድ ኮምፕሬሰር ዋጋ ጋራ ሲተያይ ኢምንት ነውና ጋራዥ ሁሉ ሊኖረው ይገባል። ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ ግፊቱ ተመልሶ መነሣት አለመነሣቱን ጥቂት ታግሦ መመልከትም የሥራው ክፍል ነው።

ጋዙ የሚሞላው በሚዛን ነው። በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የጋዙ ዓይነትና የመጠኑ ግራም ተጽፏል፤ በትናንሽ መኪናዎች ዘንድ 500 ወይም 600 ግራም ያህል ነው። መካኒኩ ግን ቧንቧውን በእጁ እየዳሰሰ «ቀዘቀዘ» እስኪል ድረስ የሚሞላ እንደ ሆነ፥ በአዲስ አበባ የ20 ዲግሪ አየር የተሞላው ትርፍ ጋዝ ጕዳቱ እዚያው አይታይም። መኪናው 40 ዲግሪ ወደሚደርሰው ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ግን ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መጣል ያቅተዋል፤ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፥ ጠባቂው ቁልፍም ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል። ማነስ ብቻ ሳይሆን መትረፍም በሽታ ነው።

ጋዙ ወደ አየር አይለቀቅ የተባለበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ፓካርድ የተባለው የአሜሪቃ ኩባንያ ለ1940 ዓ.ም. መኪናዎቹ ማቀዝቀዣ አቀረበ። መሣሪያው የኋላውን የዕቃ ቦታ ይሻማ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩም ክላች ስላልነበረው ማጥፋት የፈለገ ሰው ሞተሩን አቁሞ፥ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን ያወልቅ ነበር። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት የመኪና ጋዝ አር 12 ነበር። ቶማስ ሚጅሊ የሚባሉት የአሜሪቃ ኬሚስት በ1930 በባልንጀሮቻቸው ኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ይህን ዐይነት ጋዝ በአፋቸው ስበው በሻማ ላይ እፍ ቢሉ ሻማው ጠፋ፤ መርዝም ተቀጣጣይም እንዳልሆነ በዚህ አስረዱ። የተናገሩትም እውነት ነበር። ነገር ግን በ1974 ማርዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት ይኸው የማይጠፋ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያፈርስ አስታወቁ። በ1985 በደቡብ ዋልታ ሰማይ ላይ መሳሳቱ ታየ፤ በመስከረም 16 ቀን 1987 የመንግሥታት ስምምነት በሞንትሪያል ከተማ ተፈረመ። ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት።

የአር 12 ተተኪ የሆነው አር 134 ኤ ኦዞንን አይነካም። ይሁን እንጂ አንድ ኪሎው ምድርን በማሞቅ ረገድ በመቶ ዓመት ውስጥ ከ1,430 ኪሎ የካርቦን ጋዝ ጋራ እኩል እንደ ሆነ ተቈጥሯል። በዚህ ሒሳብ በአንድ ጋራዥ ደጅ የተለቀቀ 600 ግራም፥ ከ350 ሊትር በላይ ቤንዚን እንደ ማቃጠል ያህል ነው። ስለዚህ የኤውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ በአዲስ መኪና እንዳይገባ ከለከለ፤ በምትኩም አር 1234 ዋይ ኤፍ የተባለው ገባ። ይህ ሙቀት የማከማቸት ኃይሉ እጅግ ትንሽ ቢሆንም በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው። በ2016 በኪጋሊ የተወሰነው ማሻሻያም እነ አር 134 ኤን ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ነው፤ ኢትዮጵያ በ2019 አጽድቃዋለች።

የድሮው ጋዝ እየተወደደ ሲሄድ ደግሞ ሐሰተኛው ይመጣል። በ2011 በመርከብ በሚጫኑ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ላይ በደረሰ ፍንዳታ ሦስት ሠራተኞች ሞተዋል። ሲመረመር በቬትናም ሲጠገኑ የተሞላው ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ነበር፤ ይህም ከአሉሚኒየም ጋራ ሲገናኝ አየር ሲነካው የሚነድ ነገር ይፈጥራል። የመኪናም ኮምፕሬሰር ብዙው አካሉ አሉሚኒየም ነው። ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ ሲሊንደር የሚገዛ የዕቃ ግዢ ክፍል ይህን ሊያስብ ይገባዋል፤ አደጋው የሚደርሰው በገዢው ላይ ሳይሆን መፍቻ በያዘው ወጣት ላይ ነው።

በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። በዚህ መኪና ቺንጋ የለም፤ ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው ከትልቁ ባትሪ በሚመጣ ብዙ መቶ ቮልት ኃይል ነው፤ የኤሌክትሪኩ ጥቅልልም በዘይቱ ውስጥ ይነከራል። ስለዚህ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዓይነት መሆን አለበት። ለቤንዚን መኪና የዋለ ፓግ የተባለው ዘይት በቱቦና በመሙያ መኪና ቀርቶ ጥቂት እንኳ ቢቀላቀል መከላከያውን ያደክማል፤ መኪናውም አደጋ እንዳለ ቈጥሮ ሊቆም ይችላል። በብዙዎቹም ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ይኸው ጋዝ ነውና ብልሽቱ የተሳፋሪ ምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና የሚረከብ መሥሪያ ቤት ጋራዡ ለብቻው የተለየ ቱቦና ዘይት፥ የከፍተኛ ቮልት ትምህርት የተማረ ሠራተኛም እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ደረሰኙን የሚፈርመው ሹም መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም። «ጋዝ ተሞልቷል» በሚለው ፈንታ፥ ስንት ግራም ተሰበሰበ፥ ቀዳዳው የት ተገኘ፥ ፓምፑ ለስንት ደቂቃ ሠራ፥ ስንት ግራም ገባ የሚሉት አራት መስመሮች ተጽፈው ካልመጡለት ግን ወረቀቱን መልሶ መላክ ይችላል። ሾፌሩም በክረምት ቢሆን እንኳ በወር አንድ ጊዜ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣውን ያስነሣው፤ ዘይቱ ዞሮ የዘንጉን ጎሚኒ ያረጥበዋል፥ በዝናብ ጊዜም በመስተዋቱ ላይ የሚሰፍረውን ጉም ያነሣለታል።