ሞተሩ አየሩን ከየት ይሳብ?

አንድ ሊትር ቤንዚን በወጉ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 11 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን ያህል አየር በአዲስ አበባ ከፍታ 12 ሺህ ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ስለ ቤንዚኑ ዋጋ፣ ጥራትና ወረፋ ስንነጋገር እንውላለን፤ በክብደት ወደ 15 እጥፍ የሚጠጋውን አየር ግን በነጻ ገብቶ በጭስ ማውጫ ስለሚወጣ የሚያነሣው የለም። መኪናቸውን በገዛ እጃቸው ማሻሻል የሚወዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምሩት ከዚሁ ከአየር ማስገቢያው ነው። ሞተር አይከፈትም፣ ቴስታታ አይወርድም፤ ሥራው ካላማረም የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን መልሶ መግጠም ይቻላል።

ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በአየር ክብደት ላይ ነው። ሲሊንደር በአንድ ጊዜ የሚስበው ይዘት የተወሰነ ነው፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ስንት ግራም አየር እንዳለ የሚወስኑት ግን ሙቀትና ከፍታ ናቸው። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው የአዲስ አበባ አየር አንዱ ሜትር ኩብ 900 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይኸው አየር ኮፋኖ ሥር ቆይቶ 50 ዲግሪ ከደረሰ 820 ግራም ብቻ ይሆናል። ሞተሩም፣ የሚስበው ሊትርም ሳይለወጥ 9 በመቶ የሚሆነው አየር በሙቀት ብቻ ጎደለ ማለት ነው። አየሩ ሲጎድል የሞተሩ ኮምፒውተር ቤንዚኑን አብሮ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ መሥራት ይህን ጉድለት ማስቀረት ነው።

ከፍታው የሚወስደውን ግን አይመልስም። ባሕር ወለል ላይ ያው ባለ 20 ዲግሪ አየር 1,200 ግራም ይመዝናል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ቱርቦ የሌለው መኪና ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ፣ የወደቡ ሙቀት ቢታሰብለት እንኳ ከአቅሙ አንድ አምስተኛው ያህል ቀንሶ ነው። ይህን የሚያካክሰው አየሩን በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ እንጂ ቱቦ አይደለም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ፋብሪካው ራሱ ሞተሩ ከውጭ እንዲስብ አድርጎ መሥራቱን ነው። የአብዛኞቹ መኪኖች የፊልትሮ ሳጥን አፍ ከፊት መብራቱ ጀርባ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው የሚገኘው። ሳጥኑን አውልቆ በቦታው ክፍት የሆነ ሾጣጣ ፊልትሮ የሚገጥም ሰው፣ ከራዲያተሩና ከጭስ ማውጫው በኩል የሚመጣውን ትኩስ አየር ለሞተሩ እየሰጠው ነው። ድምፁ ስለሚጎላ መኪናው የበረታ ይመስላል፤ የጎላው ግን ፋብሪካው ድምፅ ለማፈን ያስቀመጣቸው ባዶ ክፍሎች ስለወጡ ነው። በበኩሌ እንዲህ ያለው ገጠማ ፈጽሞ ባይሠራ እመርጣለሁ፤ ገንዘብ ተከፍሎ ጉልበት ይቀነሳል።

የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች የውጭውን አየር ጥቅም ከጥንት ያውቁት ነበር። ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1966 ለ4-4-2 ሞዴሉ ደብልዩ-30 የሚባል አማራጭ አቅርቦ ነበር። በእሱ ላይ ከመኪናው ፊት፣ ከፓራውልቱ የሚነሡ ወፋፍራም ቱቦዎች የውጭውን አየር ወደ ካርቡራተሮቹ ያደርሳሉ። ለቱቦዎቹ ቦታ ሲጠፋ ባትሪው ከኮፋኖ ሥር ተነሥቶ ወደ ኋላ ሻንጣ እንዲሄድ ተደረገ። ለአየሩ መንገድ ሲባል ያን ያህል ርቀት መሄዳቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

በገዛ እጅ ሲሠራም ከሁሉ በላይ ልፋት የሚገባው ፊልትሮውን ከሞተሩ ሙቀት የሚለየው ሳጥን ነው። ሥራው የሚጀምረው በካርቶን ነው። ፊልትሮው የሚቀመጥበትን ጥግ በካርቶን ለክቶ፣ አጥፎና ቆርጦ ግድግዳዎቹን ማቆም ያስፈልጋል። ከዚያ የካርቶኑን ጠርዝ ጠመኔ ቀብቶ ኮፋኖውን ቀስ አድርጎ መዝጋት ነው፤ ሲከፈት የነካበት መስመር ከኮፋኖው ውስጠኛ ገጽ ላይ ታትሞ ይገኛል። ያ መስመር የሳጥኑ ከፍታ ነው። ቅርጹ ወደ አሉሚኒየም ላሜራ ከተገለበጠ በኋላ ጠርዙ በሞረድ ይለሰልስና የበር ጎማ ይለብሳል። ሶማሌ ተራ ከሚሸጡ አሮጌ የበር ጎማዎች ደህናው ተመርጦ ቢገዛ ይበቃል። ኮፋኖው ሲዘጋ ጎማው በመጠኑ መጨፍለቅ አለበት፤ ካልተጨፈለቀ ትኩሱ አየር በዚያው ይገባል። የሳጥኑ አፍ የፋብሪካው ሳጥን ይስብበት ወደነበረው ቀዳዳ ዞሮ፣ ቢያንስ የቱቦውን ያህል ስፋት ሊኖረው ይገባል።

ለቱቦው አሉሚኒየም ይመረጣል። የውኃ መስመር ፒቪሲ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በሙቀት ስለሚለሰልስ ከሞተሩ አጠገብ ቅርጹን ይለቃል። መታጠፊያዎቹ ጥቂትና ሰፋ ያሉ፣ ሲታጠፉም ያልተጨፈለቁ ይሁኑ። ሞተሩ በሱፖርቶዎቹ ላይ ስለሚወዛወዝ ቱቦው ከሁለቱም ጫፍ በጎማ መጋጠሚያና በፋሸታ ይያዛል፤ በብረት በብረት የተያያዘ ቱቦ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው አየር የሚለካው ሴንሰር ጋ ሲደረስ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ ይህ ሴንሰር ከፊልትሮው ሳጥን መውጫ ላይ በሁለት ብሎን ታስሮ ይገኛል። ውስጡ ከፀጉር የማይወፍር፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሽቦ አለው። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዛል፤ ሙቀቱን ለማስጠበቅ ከሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ተነሥቶ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ክብደት ያሰላል። ስሌቱ የተሠራው ግን ለአንድ የተወሰነ የቱቦ ስፋት ነው። ሴንሰሩ 63 ሚሊ ሜትር ከነበረ ቤት ወጥቶ 76 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ቢተከል፣ የአየሩ መተላለፊያ 45 በመቶ ይሰፋል፤ በሽቦው ላይ የሚያልፈው አየር ፍጥነትም በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ አየሩ ያነሰ መስሎት ቤንዚን ይቆጥባል። በቀላል ጉዞ የኦክስጅን ሴንሰሩ ስሕተቱን በተወሰነ መጠን ያርመዋል፤ አቅበት ላይ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ግን እርማቱ ስለማይሠራ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ይግላል፣ ያንኳኳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የፋብሪካውን የሴንሰር ቤት ቆርጦ አዲሱ መስመር ውስጥ እንዳለ መክተት፣ ወይም ውስጡ ልክ ያንኑ ያህል የሆነ ቤት በቶርኖ ማሠራት፤ ከፊቱም ቀጥ ያለ ቱቦ መተው።

ከቫልቭ መክደኛው የምትመጣው ቀጭን የትንፋሽ ቱቦ መረሳት የለባትም። ቦታዋ ከሴንሰሩ በኋላ፣ ከትሮትል በፊት ነው። ክፍት ከተተወች በእሷ በኩል ያልተጣራና ያልተለካ አየር ይገባል፤ አቧራውም ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል።

አቧራ ለአገራችን ቀላል ጉዳይ አይደለም። በጠጠር መንገድ ላይ የሚነሣው ደቃቅ አሸዋ የፒስተኑን ቀለበትና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይሞርዳል። ስለዚህ አየር በቀላሉ ያሳልፋል ተብሎ ከሚወደሰው ዘይት ከሚቀባው የጥጥ ፊልትሮ ይልቅ፣ ደህና የወረቀት ፊልትሮ በየጊዜው መቀየርን እመክራለሁ። ዘይቱ የበዛበት የጥጥ ፊልትሮ የሴንሰሩን ሽቦም ያቆሽሻል። ውኃውም አለ። ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ፊልትሮውን ከፓራውልቱ በታች ማውረድ በክረምት ጎርፍ ላይ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል፤ ውኃ እንደ አየር አይጨመቅምና ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢየላ ያጣምማል። ላንድክሩዘሮች ከመስታወቱ ጎን እስከ ጣሪያ የሚያወጡት ቱቦ በአንድ ጊዜ ከውኃውም፣ ከሙቀቱም፣ ከመሬት ከሚነሣው አቧራም ያርቃል። ለከተማ መኪና ያን ያህል መሄድ ባያስፈልግም ከፊት መብራቱ ከፍታ አለመውረድ ጥሩ ወሰን ነው።

ውጤቱ የሚታወቀው በመለካት ነው። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ የሚሰካ መጠነኛ ዋጋ ያለው ማንበቢያ የሚገባውን አየር ሙቀትና ኮምፒውተሩ በቤንዚኑ ላይ የሚያደርገውን ማስተካከያ በስልክ ያሳያል። የፋብሪካው ሳጥን ከመውለቁ በፊት እነዚህ ቁጥሮች በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ተለክተው ይጻፉ። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ በዚያው መንገድና ሰዓት ይደገሙ። ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ሁሉም ይሞቃልና የሚታየው መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ ያለው ሙቀት ነው። የነዳጁ ማስተካከያ ከ10 በመቶ በላይ ከሄደ የሴንሰሩ ቤትና ፋሸታዎቹ ይፈተሹ። የአየሩ ሙቀት ከፋብሪካው ሳጥን ካልወረደ ደግሞ የኮፋኖው ጎማ የሚያሳልፍበት ቦታ ይፈለግ፤ እሱም ደህና ሆኖ ልዩነት ከሌለ የፋብሪካውን ሳጥን መልሶ መግጠም ነው።