ታችኛውን ደረጃ ያልለቀቀችው ቻይና

በፈረንጆቹ 2025 ቻይና ለዓለም የሸጠችው ሸቀጥ ከገዛችው ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ በለጠ። እንዲህ ያለ የንግድ ትርፍ ከዚህ ቀደም ያስመዘገበ አገር የለም። የሚገርመው ደግሞ ጊዜው ነው፤ ዶናልድ ትራምፕ በቻይና ዕቃ ላይ የጣሉት ቀረጥ 145 በመቶ የደረሰው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነበር። ቤጂንግ በ125 በመቶ አጸፋ መለሰች፤ ለሞተር ማግኔት የሚሆኑ ብርቅዬ ማዕድናትም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ አደረገች። የእነዚህ ማዕድናት ማጣራት ሥራ 90 በመቶ ገደማው በእጇ ነውና የምዕራባውያን መኪና ፋብሪካዎች ጩኸት ወዲያው ተሰማ። ወደ አሜሪካ የሚጫነው ዕቃ በ20 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ አውሮፓና አፍሪካ የሄደው ጉድለቱን ሞልቶ ተረፈ።

የዴንግ ሺያዎፒንግ የ1978 ለውጥ፣ የሼንዘን ልዩ ቀጠና፣ በታኅሣሥ 2001 የተገኘው የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ብዙ ተብሎባቸዋል። የቤቶች ገበያውንም ባጭሩ እንለፈው፤ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ የተሸከመው የቤት ገንቢ ኤቨርግራንዴ ከወደቀ ወዲህ ባንኮች ብድራቸውን ወደ ፋብሪካ አዞሩ፤ ፋብሪካው ያመረተውን ደግሞ የአገር ውስጥ ሸማች አልጨረሰውም።

እኔን የሚይዘኝ የሁለት ሰዎች ክርክር ነው። አንደኛው ጀስቲን ሊን ዪፉ ናቸው። በ1979 የታይዋን ጦር መኮንን ሳሉ ከኪንመን ደሴት ባሕሩን በዋና አቋርጠው ወደ ቻይና ከዱ። ከዚያ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠርተው ከ2008 እስከ 2012 የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት ሆኑ። ቻይና ደመወዝ ሲወደድባት ጫማና ልብስ መስፋቱን ለድሆች አገሮች እንደምትተው፣ 85 ሚሊዮን የሥራ ዕድልም እንደሚለቀቅ ተነበዩ። አዲስ አበባ ይህን ከልቧ ሰማች። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2011 ሼንዘን ድረስ ሄደው ባለሀብቶችን ጋበዙ፤ በወራት ውስጥ የቻይናው ኩባንያ ሁዋጂያን ዱከም ላይ ጫማ ማምረት ጀመረ።

ሁለተኛው ማይክል ፔቲስ ናቸው፤ ቤጂንግ ውስጥ ፋይናንስ የሚያስተምሩ፣ በጎን የፓንክ ሙዚቃ ቤት ከፍተው የነበሩ አሜሪካዊ። ክርክራቸው ስለ ፋብሪካ ሳይሆን ስለ ቤተሰብ ኪስ ነው። የቻይና ቤተሰቦች ወጪ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ወደ 70 በመቶ ይጠጋል። ሠራተኛው ያመረተውን መግዛት ካልቻለ ትርፉ ለሌላው ዓለም መራገፉ አይቀርም ይላሉ።

ሚዛኔ ወደ ፔቲስ ያደላል። የሊን 85 ሚሊዮን ሥራ ወደ አፍሪካ ጎርፎ አልመጣም። ቬትናምና ባንግላዴሽ የተወሰነውን ቀምሰዋል፤ ብዙው ግን እዚያው ወደ መሀል አገር ተዛወረ፣ ወይም ለማሽን ተሰጠ። ቻይና ወደ ባትሪና ሶላር ስትወጣ ታችኛውን ደረጃ አልለቀቀችም። እርግጥ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከዚህም ያለፈ ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት፣ በ2022 ከአሜሪካው የቀረጥ ነፃ ዕድል ከአጎዋ መታገዷም ኢንዱስትሪ ፓርኮቹን ጎድቷል።

የመኪናው ዘርፍ ክርክሩን የበለጠ ያጎላዋል። በ1995 ሼንዘን ውስጥ በባትሪ የጀመረው ቢዋይዲ በ2024 ከ4 ሚሊዮን በላይ መኪና ሸጠ፤ ከግማሽ በላዩ ነዳጅም የሚጠቀም ነው። አውሮፓ በዚያው ዓመት በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ እስከ 35.3 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ስትጥል፣ ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላ በሩን ከፈተችላቸው። ቤጂንግ ራሷ በበኩሏ በ2025 አምራቾቹን ጠርታ ዋጋ እየሰበሩ እርስ በርስ መጠፋፋቱን እንዲያቆሙ አሳሰበች። ያን ያህል መኪና የሚገዛ ሰው አገር ውስጥ ስለሌለ ማሳሰቢያው የት ድረስ እንደሚያስኬድ ፔቲስ ሳይጠየቁም መልስ አላቸው።