ለአሮጌ ቮልስ የሚስማማ ዘይት

ባሕር ዳር ውስጥ ዘንባባ በተሰለፈባቸው ጎዳናዎች፣ በባጃጆቹ መሃል አልፎ አልፎ አንዲት ቮልስ ብቅ ትላለች። በአገራችን ቮልስን የማያውቅ የለም፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በቮልስ ነበር። የመጨረሻዋ የዚህ ዓይነት መኪና ሜክሲኮ ውስጥ ከተመረተች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በእጅ ያለውን ሞተር ማሰንበት ለፍቅር ብቻ የሚደረግ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ለማሰንበት ደግሞ ከትክክለኛ ዘይት የሚቀድም ነገር የለም።

የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ነፋሱ የማይደርስበትን የብሮንዚኖቹንና የፒስተኖቹን ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ዘይቱ ነው። ያም ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ! ፊልትሮ እንኳ የለውም፤ ከሞተሩ ሥር ያለችው የሽቦ ወንፊት ደቃቁን ቆሻሻ አትይዝም። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ነፋሱ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ የሚደርሰው የሞቀ አየር ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው ቫልቭ የሦስተኛው የሚሆነውም ለዚህ ነው። ፋብሪካው ይህን ያረመው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ነው።

ጣሳው ላይ 20 ደብሊው 50 የሚል ጽሑፍ ስናይ፣ ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ፣ ከኋላ ያለው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል እንደሚወፍር ይነግረናል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም የታኅሣሥና የጥር ሌሊቷ ዘይት የሚያረጋ ብርድ የለውም። ስለዚህ 0 ወይም 5 ደብሊው ለሚል ውድ ዘይት ገንዘብ ማውጣት ለቮልስ ትርፍ የለውም። እንዲያውም ለዘመናዊ መኪና የተሠራው ስስ ዘይት ባረጁት ማሸጊያዎች በኩል ይንጠባጠባል፤ ግፊቱም ይወርዳል።

ጣና ሐይቅ ዳር ያለው ከተማ ሜዳ ነው፤ ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትመላለስ ጤነኛ ቮልስ 15 ደብሊው 40 ይበቃታል። ወደ አዲስ አበባ በደጀን በኩል የምትወርድ ከሆነ ግን አባይ በረሃ አለ። ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ስትጎትት ዘይቱ እየሞቀ ይሳሳል፤ ቆም ስትል የግፊት መብራቷ ብልጭ ማለት ይጀምራል። ለዚህ መንገድ እኔ 20 ደብሊው 50 እመርጣለሁ። ይህ ማለት ግን ወፍራም ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ፋሻው ላለቀ ሞተር ወፍራም ዘይት መጨመር ጭሱን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍን ይሆናል እንጂ ሞተሩን አያድነውም።

ብዙ ሰው የማያየው በጣሳው ጀርባ ያሉትን ፊደላት ነው። ኤስ ለቤንዚን፣ ሲ ለናፍጣ ሞተር ነው፤ ከኤስ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል በገፋ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ይሆናል። አዲስ መሆኑ ለቮልስ ሁልጊዜ መልካም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤስ ኤም ደረጃ በስሶቹ ዘይቶች ላይ የፎስፈረስን መጠን ቀነሰ፤ ዓላማው የአዳዲስ መኪኖችን የጭስ ማጣሪያ ማትረፍ ነበር። ፎስፈረስ ከዚንክ ጋር ሆኖ ብረት ብረትን እንዳይበላው የሚከላከል ውህድ ይሠራል። በቮልስ ሞተር ውስጥ ቫልቭ የሚከፍተው የካም ዘንግ በጠፍጣፋ ገፊ ላይ እየተፋተገ ስለሚዞር ይህን ውህድ አጥብቆ ይፈልጋል። ለናፍጣም ለቤንዚንም የተፈቀደ፣ ሲ አይ 4 እና ኤስ ኤል የሚል ምልክት ያለው 15 ደብሊው 40 ውህዱን በበቂ መጠን ይይዛል። ሆኖም አጣቢነቱ ኃይለኛ ነው። ለዓመታት ችላ በተባለ ሞተር ውስጥ የተጋገረውን ዝቃጭ ስለሚፈታው፣ የመጀመሪያውን ቅያሪ በአጭር ኪሎ ሜትር መድገምና ወንፊቷን አውጥቶ ማጠብ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ነው። ከቤት እስከ ገበያ ብቻ የምትነዳ መኪና ግን ኪሎ ሜትሯ እስኪሞላ መጠበቅ የለባትም። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ፣ በተለይ በክረምት፣ እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ ቅባት ከታየ ምልክቱ ይኸው ነው፤ በስድስት ወር ይቀየር።

የወጣው የተቃጠለ ዘይት ለምስጥ መከላከያ ተብሎ የአጥር እንጨት ይቀባበታል፤ የተረፈው ግን የትም መደፋት የለበትም። ጣና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ የትም ዓለም የማይገኙ የአሳ ዝርያዎች ይኖሩበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት ከክረምቱ ጎርፍ ጋር ወደ ሐይቁ ይገባል። ጋራዡ በጀሪካን ካልሰበሰበው፣ ባለ መኪናው የራሱን ጀሪካን ይዞ ይሂድና ክዳኑን አጥብቆ ዘይቱን ይዞ ይመለስ።