ተጨማሪ መረጃ፦ እንዝርትና መወርወሪያ

በአማራ ገጠር ልማዱ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ደቡብ ጎንደር፣ አውራ አምባ ብትሄዱ ግን መወርወሪያውን ሴት ይዛ፣ ምጣዱ አጠገብ ወንድ ቆሞ ልታገኙ ትችላላችሁ። የአውራ አምባን ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ፣ እናታቸው ከእርሻ መልስ ቤት ውስጥ ሲለፉ አባታቸው ማረፋቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያንገበግባቸው እንደነበር ይናገራሉ። በዚህ ለየት ባለ አኗኗራቸው የማኅበረሰቡን አባላት ጎረቤት አገለላቸው፤ በደርግ ዘመንም ተሰደዱ። ሲመለሱ መሬቱ ስለጠበበባቸው ሽመናና ወፍጮ መተዳደሪያቸው ሆኑ። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ሲደርስባቸው የሥራ ክፍፍላቸውን አለመለወጣቸው ነው።

ሥርዓተ ፆታ፦ ኅብረተሰብ ለወንድና ለሴት የሚሰጠው የሥራና የጠባይ ድርሻ።

ሞክሩ፦ ዛሬ ማታ እራት ሲነሣ ሳህኑን ማን እንደሚያጥብ፣ ማን ተቀምጦ እንደሚያወራ ልብ ብላችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ራሳችሁንም ቁጠሩ።