ለአርቪ ጎማ የሚሆን ኮምፕሬሰር ስትገዙ

አርቪ (ማደሪያ ያለው የጉዞ መኪና) ይዛችሁ አሜሪካን ለመዞር ያሰባችሁ፣ የኮምፕሬሰሩ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈውን «150 ፒኤስአይ» እለፉት። መሣሪያው ሊደርስበት የሚችለውን የግፊት ጣሪያ እንጂ እዚያ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅበት አይናገርም።

የቤት መኪና ጎማ 35 አካባቢ ይበቃዋል። የትልቅ አርቪ ጎማ ግን ከ80 እስከ 110 ይፈልጋል፤ የሚይዘው ንፋስም ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ጥያቄው፦ በ90 ፒኤስአይ ላይ በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ይሰጣል? በዜሮ ግፊት የተለካውን ቁጥር ከነገሯችሁ አትርኩ። ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራም እዩ። አንዳንዱ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ሃያ ደቂቃ መቀዝቀዝ አለበት፤ ስድስት ጎማ ላለው መኪና ጠዋታችሁ እዚያው አለቀ።

በሲጋራ መለኮሻ የሚሰካውን ለትንሽ መኪና ተዉት። የዚያ መስመር ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 አምፒር ስለሆነ ጠንካራ ኮምፕሬሰር አይሸከምም። ባትሪው ላይ በቀጥታ የሚቆነጠጠው ይሻላል፤ ሲሠራ የመኪናው ሞተር ይነሳ። ቱቦው እስከ ኋላ ጎማ መድረሱን ሳትለኩ ግን አትክፈሉ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው። በመንገድ ሞቆ ግፊቱ ከፍ ቢል አታስተንፍሱት። ከሚገባው ከ20 በመቶ በላይ ጎድሎ የተነዳ ጎማ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮምፕሬሰራችሁን አስቀምጡና ጎሚስታ ጥሩ።